የአፈር ጥበቃ ሥራና የገበሬው እርሻ
ለመስክ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በአብዛኛው የሰሜን ክፍል የደረሰው ድርቅ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠቀሰው የዝናቡ መጥፋት ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ሆኖም የነገሩ ግማሽ ነው። ዝናብ ለሰብል የሚጠቅመው አፈሩ ተቀብሎ እስካቆየው ድረስ ብቻ ነው። ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሆነ አፈር ክረምቱ በነሐሴ አጋማሽ ቢያቋርጥ እንኳ ሰብሉን ለሳምንታት የሚያቆይ እርጥበት ይይዛል። ከጭንጫው በላይ አንድ ስንዝር አፈር ብቻ የቀረው ማሳ ግን በጥቂት ቀናት ይደርቃል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ በታችኛው ማሳ እህል ሲታጨድ በላይኛው ገለባ እንኳ ሊታጣ ይችላል። የመስክ ሠራተኛ ችግረኞችን በሚመዘግብበት ጊዜ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የሚያየው ልዩነት ብዙ ጊዜ በስንፍናና በትጋት ይተረጎማል፤ መነሻው ግን አንዳንዴ ከእግሩ በታች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖና በሌሎችም ጣቢያዎች የሚታጠበውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። ከዚህ ሥራ በመነሣት የቀረበው ግምት በደጋው ከታረሰ መሬት በየዓመቱ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ያመለክታል። ለእርዳታ ሠራተኛ ይህን በጭነት መኪና መገመት ይቀለዋል፤ ሰባት ቶን የሚጭን መኪና ከአንድ ሄክታር ማሳ ስድስት ጊዜ ሞልቶ ወጣ ማለት ነው። በጥልቀት ሲታሰብ ወደ አራት ሚሊሜትር ስለሚሆን በአንድ ዓመት ዓይን አይለየውም። በአሥር ዓመት የሁለት ጣት ያህል ይሆናል፤ አባት ያረሰውን ልጁ ሲረከብ ማረሻው ድንጋይ ይነካል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከመንግሥት ጋር ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የደጋው መሬት ጥናት ደግሞ 27 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በጉልህ መሸርሸሩን፣ ከዚህም 14 ሚሊዮኑ ክፉኛ መጎዳቱን፣ 2 ሚሊዮን ያህሉም ዳግም ለሰብል የማይመለስ መሆኑን ገምቷል። ከጊዜ በኋላ እነዚህ አኀዞች ተከራክረውባቸዋል፤ ከላይኛው ማሳ የታጠበው ሁሉ ወንዝ አይገባም፣ ከፊሉ በታችኛው ማሳ ላይ ደለል ሆኖ ይቀራልና። ነገር ግን ለላይኛው ማሳ ባለቤት ይህ መጽናኛ አይሆነውም።

መሸርሸሩ ከአስተራረሱ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ ገበሬውም ከመዝራቱ በፊት አራትና አምስት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ያርሳል። የሚዘራው በሐምሌ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት መሬቱ ደቅቆ፣ ተገላልጦ፣ አንዳች ቅጠል ሳይሸፍነው ይገኛል። ሌላም አለ። ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ሁለት ይከፍለዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ በትልሞቹ መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚቀር ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ መሄድ አለበት። በተዳፋት ላይ ይህ ማለት አንደኛው እርሻ ቁልቁለቱን አግድም ቢይዝ ቀጣዩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው፤ ወደ ታች የወረደው ትልም ሁሉ ለጎርፉ ቦይ ይሆናል። በዚህ ላይ እንጨት ከጠፋበት አገር ኩበቱ ወደ ምድጃ እንጂ ወደ ማሳ አይሄድም። ገበሬው ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ዋልካውን፣ ቀዩን አፈርና ጭንጫውን ለይቶ ያውቃል፤ ውኃ የሚያስወጣበትንም ፈሰስ ከዘራ በኋላ በማሳው ላይ ራሱ ያወጣል። ያጣው ዕውቀት ሳይሆን ሌላ የሚያርሰው መሬት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ፣ በተለይም በ1970ዎቹ፣ በምግብ ለሥራ የተካሄደው የእርከንና የደን ተከላ ዘመቻ በአፍሪካ ከታዩት ትልልቅ የአፈር ጥበቃ ሥራዎች አንዱ ነበር። ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። የተሠራው ሥራ በብዛቱ የሚደነቅ ነው፤ የተራበውም ሕዝብ ስንዴውን ያገኘበት ስለሆነ ከንቱ ነበር ሊባል አይገባም። ይሁን እንጂ በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ለውጥ ከታወጀ በኋላና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የማኅበሩም ደን ተቆረጠ።

ለምን ፈረሰ? የጊዜው ሪፖርቶች ብዙውን ጊዜ የገበሬው ግንዛቤ ማነስ ነው ይላሉ። ይህ አባባል ለሪፖርት አቅራቢው የሚመች ነው። ማሳው ላይ ሲታይ ግን ምክንያቶቹ ተጨባጭ ነበሩ። በእርከንና በእርከን መካከል ያለው ርቀት በገመድና በውኃ ልክ ተለክቶ ሲሠራ ጥማድ በሬ የሚዞርበት ስፋት አልታሰበበትም፤ አቋርጦ ማረስም አልተቻለም። በተዳፋቱ መጠን እርከኑ ከማሳው ላይ ቀላል የማይባል መሬት ይወስዳል፤ ግማሽ ሄክታር ላለው ቤተሰብ ይህ የአንድ ወር ቀለብ ነው። በድንጋዩ ካብ ውስጥ አይጥ ይራባል። ዝናብ በሚበዛበት በጎጃም ዓይነቱ አገር ደግሞ ውኃውን አግዶ እንዲያስቀር የተሠራው እርከን ሰብሉን በውኃ አስመታው። ለወሎ ደረቅ ተዳፋት የተስማማው በጎጃም ጉዳት ሆነ፤ ነገር ግን መመሪያው አንድ ነበር። ከሁሉም በላይ መሬቱ በየጊዜው ይደለደል ስለነበር ዛሬ ካብ የሚክበው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳው የእርሱ እንደሚሆን እርግጠኛ አልነበረም። ስንዴ የተከፈለበት እርከን የስንዴ ሰጪው እርከን ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ሲፈርስም ጥገናው ሌላ ስንዴ ይጠብቅ ነበር።

የቆሙትን መመልከት ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በኮንሶ አንዳንዱ አምስት ሜትር የሚደርሰው የድንጋይ ካብ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠራና ሲጠገን ኖሯል፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም መልክዓ ምድሩ ከነአኗኗሩ ነው። የኮንሶ ገበሬ በእርከኑ ላይ በብዛት የሚሠራው በሬ ጠምዶ ሳይሆን በእጁ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ካቡ ከአስተራረሱ ጋር አብሮ አድጓል። በአንጀኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይ የሚደለደልበት፣ ትርፉ ውኃ በቀስታ እንዲፈስስ ዝንባሌ የተሰጠው እርከን ተሠራ፤ በዓመታት ውስጥም ማሳው ቀስ በቀስ ወደ ደረጃነት ተለወጠ። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ ቁጥቋጦው ተከልሎ፣ በተራራው ላይ ጉድጓድና ክትር ተሠርቶ የጉድጓድ ውኃ ወደ ላይ በመቅረቡ መንደሩ በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ገበሬው ጥቅሙን ያየው በመስኖ አትክልት እንጂ በተቆጠረ ኪሎ ሜትር አልነበረም።

ሰፈራን በሚመለከት፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወስዷል። ብዙው ያለፈቃዱ መሄዱ፣ ቤተሰብም መለያየቱ የሚካድ አይደለም። ለሥፍራው መመረጥ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የተራቆተው ደጋ ዕረፍት ያገኛል፣ ሰፋሪውም ለም መሬት ይረከባል የሚል ነበር። የለቀቀውን ማሳ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱ ስላረሰው ደጋው አላረፈም። አዲሱም መሬት በደኑ ልምላሜ የተገመተውን ያህል አልነበረም። በምዕራቡ ከፍተኛ ዝናብ የታጠበው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ለምነቱ በአብዛኛው ከላይ ባለው የቅጠል ብስባሽ ላይ ይንጠለጠላል፤ ደኑ ሲመነጠር እርሱም በጥቂት ዓመታት ያልቃል። በቆላው ገንዲ በሬውን ስለሚፈጅ ሰፋሪው የሚያውቀውን እርሻ ይዞ መቀጠል አልቻለም። በፓዌ በትራክተር ታረሰ፤ ትራክተሩ ሲቆም የሚተካው ጥማድ አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው በእግር ጭምር ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር የታቀደው ፕሮግራም በክልል ውስጥና በፈቃድ እንዲሆን መደረጉ አንድ ማሻሻያ ነበር፤ የአፈሩ ጥያቄ ግን በዚያም ተነሥቷል።

በሥራ ላይ ላለ ኃላፊ ከዚህ የሚመነጩ ጥቂት ጉዳዮች አሉ። የክንውን ሪፖርቱ የተሠራውን ኪሎ ሜትር ከሚጠይቅበት አምድ አጠገብ ከሦስተኛው ክረምት በኋላ የቆመውን የሚጠይቅ ሌላ አምድ ይጨመርበት፤ ሥራው ማን እንደሚጠግነውም ይመዝገብ። እርከኑ ከመቀየሱ በፊት የማሳው ባለቤት በሬዎቹን ጠምዶ የሚዞርበትን ቦታ ያሳይ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በተሰጠበት ቀበሌ ሥራው በደብተሩ ባለቤት ስም ይያዝ። ቁልቁለት ሲከለል ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚሸጥ፣ ከብት የሌላት መበለት ድርሻዋ ምን እንደሆነ ከመከለሉ በፊት በቃለ ጉባዔ ይጻፍ፤ ጠቡ የሚነሣው ሁልጊዜ ሣሩ ከበቀለ በኋላ ነው። ጉብኝቱም መንገዱ ደርቆ መኪና በሚገባበት በጥር ብቻ አይሁን። በነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ ከማሳው ራስ የቆመ ሰው ውኃው በየት እንደሚያመልጥ በዓይኑ ያያል።