ቅባትም መድኃኒት ነው



በሰፈራችን መስጊድ ከተራዊሕ ሰላት የማይቀሩ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። በአንድ ረመዳን ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን የዲክሎፌናክ ቅባት ሰላት በደረሰ ቁጥር ይቀቡ ነበር። ይህ አልበቃ ብሏቸው ያንኑ መድኃኒት በሱሑር ሰዓት በኪኒን ይውጣሉ። ወሩ ሳያልቅ ዐይነ ምድራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሲጠየቁም የነገሩት ስለ ኪኒኑ ብቻ ነው፤ «ቅባት ደግሞ ምን መድኃኒት ነው?» ብለው።

ብዙዎቻችን እንዲሁ እናስባለን። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመምና እብጠት የሚያመጣውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራንም ይጠብቃል፤ ለኩላሊት የደም ዝውውርም ይረዳል። እርግጥ በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ኪኒን ሲደረብበት፣ በሰፊ ቦታ ሲቀባ፣ ወይም ተቀብቶ በላስቲክ ሲጠቀለልና በሙቅ ነገር ሲተኮስ ጉዳቱ ይመጣል። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ አስፕሪን አስሙን የሚቀሰቅስበትም ሰው መጀመሪያ ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቀቡ።

ቅባቱ ጾም ያፈርሳል ወይ ተብለን እንጠየቃለን። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ የቀኑን ሁሉ ለምሽት አከማችቶ መለቅለቅ አያስፈልግም። የእጅ አንጓውን ወይም ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ሰው ውዱእ አድርጎና ሰግዶ ቢቀባ ይሻላል፤ ቅባቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ውሃ ባይነካው ጥሩ ነውና። ጉልበት በውዱእ ስለማይታጠብ ጭንቀት የለውም።

ደግሞም ጉልበትን በቅባት አደንዝዞ ሱጁድ ለመውረድ መታገል ጀግንነት አይደለም። ለታመመ ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል። እኒያ እናት ዛሬ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው፤ ቅባቱንም ሐኪሙ በለካላቸው መጠን ይቀቡታል።

የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ግን አይቀባም። ከቀቡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። የታመመው እጅ ራሱ ከሆነ ደግሞ ዐይንን አለመንካት፣ ሕፃንም ቅባቱ ደርቆ እስኪገባ አለማቀፍ ነው።