ከልጄ ጋር ጎንደርን በእግራችን

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። በኋላ ግን በጥር 2006 ዓ.ም. ያጋጠመኝ ትዝ ብሎኝ ተቀበልኩ። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ የነበረውን የበኩር ልጄን ይዤ ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ነበር። ልጁ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ነው። እኔ ከጎንደር የወጣሁት በ1983 ዓ.ም. ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ዶካን አልፈን ጋላባት ደረስን፤ ድልድዩን ተሻግረን አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከወደቁባት ከመተማ መኪና ይዘን ማታ ጎንደር ገባን። ጥምቀቱን በፋሲል መዋኛ አክብረን በማግስቱ ልጄን «ዛሬ ከተማውን በእግራችን እንዞራለን፤ አስጎብኚ አንቀጥርም፤ እኔ አለሁልህ» አልኩት። የሱቄን ፋቱራ ገልብጬ በጀርባው የምናያቸውን ቦታዎች በተራ ጻፍኩ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ግቢው፣ ፒያሳ፣ ፖስታ ቤት። ለልጁም አስያዝኩት።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጠዋት ደረስን። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች እያየ ልጁ አንገቱ እስኪታመም አንጋጠጠ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል ይህ ደብር በንብ መንጋ ተጠብቆ ተረፈ እንደሚባል ነገርኩት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ አስጎብኚ ነበርኩ።

ከዚያ ወደ ፋሲል ግቢ ወረድን። በሩ ላይ አንድ ትሑት ወጣት አስጎብኚ ቀረበና ልጄን በእንግሊዝኛ አነጋገረው። ልጄ በአማርኛ መለሰለት፤ አማርኛው ግን እንደምታውቁት የእኛ የገዳሪፍ ልጆች አማርኛ ነው፣ ዐረብኛ ዐረብኛ ይላል። ወጣቱ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ልጄ ጥቂት ዝም ብሎ «አባ፣ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ?» አለኝ። ሳቅሁበት። መሳቅ አልነበረብኝም።

ውስጥ ገብተን አፄ ፋሲል በድንጋይና በኖራ ያሠሩትን፣ በአራቱ ማዕዘን የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች ያሉበትን ግንብ አየን። ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. መሆኑንም ነገርኩት። ቀጥሎ ጣሪያ የሌለው የአፄ ኢያሱ ግንብ ጋ ስንደርስ «ይሄን ምን አፈረሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ያለ አንዳች ጥርጣሬ «ደርቡሽ ነው» አልኩት። ልጁ አሰብ አድርጎ «ደርቡሽ ማለት የጓደኞቼ አያቶች ናቸው?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አጣሁ። ከእነዚያ ጓደኞቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው፤ እኔም ከአባቶቻቸው ጋር ዱቤ እሰጣለሁ፣ ዱቤ እቀበላለሁ። «ቆየት ብዬ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍኩት።

ከግቢው ወጥተን ፒያሳ ገባን። እዚህ አሠራሩ ሁሉ ተለወጠ። የድንጋዩ ግንብ ቀርቶ ልስን ሕንፃ ሆነ፤ ማዕዘኑ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ክብ፣ መስመሩ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ቡና ቤትና ሱቅ። መንገዱ ጫፍ ላይ ፖስታ ቤቱ ቆሟል። እኔ በልጅነቴ በሥሩ ስመላለስ ያደግሁ ነኝ፤ አንድ ቀን ግን ማን ሠራው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ልጄ ሲጠይቀኝ «ጃንሆይ ያሠሩት ነው» ብዬ ቁርጥ አድርጌ ተናገርኩ።

ደረጃው አጠገብ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን የዘለለ ይመስለኛል። «ተው እንጂ ልጄ፣ ለሕፃን ውሸት አታስተምር» አሉኝ። ደነገጥኩ። «ይሄን ጣልያን ነው የሠራው። አባቴ ድንጋይ ሲያቀብሉ ቁርስ ይዤላቸው እመጣ ነበር። ቀን ቀን ያሠሩናል፤ ሲመሽ ግን ሐበሻ በዚህ መንገድ እንዲታይ አይፈልጉም ነበር።» ስለ አፄ ኢያሱ ግንብም ጠየቅኋቸው። በምድር መንቀጥቀጥ አስቀድሞ ተጎድቶ እንደነበር፣ በኋላም ጣልያን ግቢው ውስጥ መሽጎ ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ እንደጣለበት ነገሩኝ። በአንድ ጠዋት ሁለት ስሕተት፤ ያውም በልጄ ፊት።

ልጁ ግን በእኔ ማፈር አልተጨነቀም። «ታዲያ ይሄ ቤት የእኛ ነው የእነሱ?» ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። እሳቸው ቀጥታ አልመለሱለትም። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የእኔን ስም ተናገረ፤ አያቱን ተናገረ፤ ከዚያ ቆመ። እኔ ሦስት ስም ጨመርኩለት። ሽማግሌው ከአራተኛው ስም ላይ «እህ!» ብለው እጁን ያዙት፤ ያን ሰው በዝና ያውቁታል። ግማሽ ሰዓት ያህል አልለቀቁትም።

እዚህ ከተመለስኩ በኋላ ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ጥቂት ጥቂት አነበብኩ። የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመራውም የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ሲሆን የመጣው በኡም ሐጀር በኩል፣ ይህንኑ የእኛን ድንበር ታክኮ ነው። ጎንደርን «አማራ» ላሉት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት፤ ገራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን አወጣላት፤ የነጩና የጥቁሩ ሰፈር ለየብቻ እንዲሆን ተደረገ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ደግሞ ጋላባትንና ከሰላን ያዙ። በነሐሴ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን አርበኞችን ለመርዳት የተነሣው ከዚሁ ከዶካ ነበር። እኔ በየሳምንቱ ዕቃ የምልክባት ዶካ! ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው እንኳ ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

በነገራችን ላይ ጣልያን ከእኔ ሱቅም አልወጣም። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳልሳ፤ ሱዳናዊው ደንበኛዬም ሳልሳውን «ሰልሳ» ብሎ ይጠይቀኛል።

አሁን ይህን ለምን እንዳነሣሁ ልናገር። ያ ልጄ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ካርቱም ተማሪ ነበር። ለአሥራ አንድ ቀን ድምፁን አልሰማንም። ሰባራ ስልክና አንድ ሸሚዝ ይዞ ገዳሪፍ ደረሰ፤ በግንቦት ወር መተማን ተሻገረ። እኔ ሱቁንና እናቱን ትቼ ልከተለው አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን በሰው ስልክ ደወለልኝ። «የት ነህ?» ስለው «ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ፤ ሽማግሌው ግን የሉም» አለኝ። ማንንም ሳይጠይቅ ከመናኸሪያው ተነሥቶ በእግሩ ነው የደረሰው። በእነዚያ በቆጠርንለት ስሞች ዘመድ ፈልጎ አገኘ፤ እነሱ ቤት ዐረፈ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልልም ውጊያ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ታናሽ እህቱን ይዤ ያን መንገድ ልሄድ አልደፈርኩም። 12 ዓመቷ ነው፤ ጎንደርን አይታ አታውቅም። ስለዚህ ማኅበራችን የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ሲያጠናክር፣ ከፊደሉ ጋር የየአገራችሁን አንድ አንድ መንገድ ለልጆቹ በቃል እንድታስተምሩ እለምናለሁ። የጎጃሙም የሐረሩም ያምጣ። የማታውቁትን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ እኔ በሽማግሌ ፊት እንዳታፍሩ።

ፋቱራው አሁንም በሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ አግኝታው እየተንተባተበች አነበበችውና «ፖስታ ቤት ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ? ደብዳቤ ልትልኩ ነው?» አለችኝ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳትና ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀመርኩላት።