የባሕር ላይ ወዳጅነትና የዕድራችን ደንብ

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጣሊያናዊ ሰውና ስለ ጥቂት ኤርትራውያን ወጣቶች ወዳጅነት ነው። «እኛ የዕድራችንን ሒሳብ ልንሰማ መጥተን ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ጣሊያን ሲባልም ከመካከላችን ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ትዝ የሚላቸው በ1928 ዓ.ም. ታንክና መርዝ ይዞ የመጣው ነው። ትንሽ ታገሡኝ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ደንባችን መመለሴ አይቀርም።

ላምፔዱዛ የምትባለው ደሴት የጣሊያን ግዛት ትሁን እንጂ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዝያ የምትቀርብ ናት። ስፋቷ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም 6,000 ያህል ነው። ሰዉ የሚተዳደረው ዓሣ በማጥመድና በበጋ የሚመጣውን እንግዳ በማስተናገድ ነው። ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ ባሕር ለሚያቋርጥ ስደተኛ ደግሞ የአውሮፓ የመጀመሪያዋ ደጃፍ እሷ ናት። ስለዚህ የድንበር ከተማ ብንላት አልተሳሳትንም፤ ድንበሩ ውሃ ነው እንጂ።

በዚህች ደሴት ኑሮውን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ቪቶ ፊዮሪኖ ይባላል። ሙያው አናጢነት ነበር። ከዋናው ጣሊያን መጥቶ አይስክሬም ቤት ከፈተ። እንግዲህ እሱም ራሱ ለደሴቲቱ መጤ ነበር ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረችው፤ ስሟ ጋማር ነው።

መስከረም 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2013) ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣና እዚያው ጀልባዋ ላይ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የባሕር ወፍ ጩኸት መሰላቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ድምፁ የሰው ነው። ባሕሩ ሰው ሞልቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሊቢያ ከሚስራታ ወደብ ከ500 ሰው በላይ አጭቆ የተነሣ ጀልባ፣ ደሴቲቱ አጠገብ ደርሶ ሞተሩ ቆመ። ከየብስ ሆኖ የሚያይ ሰው ቢኖር ተብሎ ብርድ ልብስ ላይ እሳት ተለኮሰ። እሳቱ ሲዛመት ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሸሸ፤ ጀልባው ተገለበጠ። ከዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያች ሌሊት 368 ሰው አለቀ። የተረፈው 155 ብቻ ነው። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ ቋንቋቸውም፣ መልካቸውም፣ ነጠላቸውም የኛው ነው።

ፊዮሪኖና ጓደኞቹ ሰዉን አንድ ባንድ ይጎትቱ ጀመር። የሰዉ ገላ ናፍጣ ነክቶት ስለ ነበር ከእጅ ያመልጥ ነበር። እየያዙ፣ እያመለጣቸው፣ እንደገና እየያዙ 47 ነፍስ አወጡ፤ ከነዚህም አንዷ ሴት ናት። ለጥቂት ሰው በተሠራች ጀልባ ላይ ስምንቱን ጨምሮ 55 ሰው ማለት ነው። ልብሳቸውን እያወለቁ ለራቁቱ ሰው አለበሱ።

ይህ ነገር አደጋ የለበትም እንዳትሉ። በፈረንጆቹ በ2007 ዓ.ም. ከዚያው ባሕር 44 ሰው አድነው ወደ ላምፔዱዛ ያመጡ ሰባት የቱኒዝያ ዓሣ አጥማጆች «ሰው አሸጋግራችኋል» ተብለው ታስረዋል፤ በመጨረሻ ነፃ ቢወጡም ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በዚያ ባሕር ላይ «ሕጉ ምን ይለኛል?» ብሎ ጀልባውን ያዞረ ሰው ቢኖር ሰበብ አያጣም ነበር።

ሕጉ ያደረገውንም ልንገራችሁ። የጣሊያን መንግሥት ለሞቱት ዜግነት እንደሚሰጥ ተናገረ። የዳኑት ግን ያለ ወረቀት አገር ገብታችኋል ተብለው ስማቸው በተጠርጣሪነት ተመዘገበ፤ በ2009 የወጣው ሕግ ይህንን ወንጀል ያደርገው ነበርና። ለሞተው ዜግነት፣ ለዳነው ክስ! እንዲህ ያለውን ነገር ስትሰሙ ደንብ ብቻውን ልብ እንደሌለው ትረዳላችሁ።

ታዲያ ወዳጅነቱ የት ላይ ነው? ሰው ከውሃ ማውጣት ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወዳጅነት ግን መመላለስ ይፈልጋል። ፊዮሪኖ ትግርኛ አያውቅም፤ ልጆቹም ጣሊያንኛ አያውቁም ነበር። በዕድሜ፣ በኑሮ አይገናኙም። ቢሆንም «አወጣኋችሁ፣ ደኅና ሁኑ» ብሎ አልተለያቸውም። ልጆቹ ኋላ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይና ወደሌሎችም አገሮች ቢበተኑም የአደጋው ቀን ሲመጣ ከመካከላቸው ወደ ላምፔዱዛ እየተመለሱ እሱ ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። «አባታችን» ነው የሚሉት። አብሯቸው ባሕር ላይ ወጥቶ አበባ ይጥላል፤ አብሯቸው ያለቅሳል። እኛ ይህንን በአገራችን ምን እንለዋለን? ለቅሶ መድረስ፣ ሙት ዓመት ማውጣት እንለዋለን። ሰውዬው ሳያውቀው ዕድርተኛ ሆኗል!

አሁን ወደ ሟቾቹ ልምጣ። ሬሳዎቹ በደሴቲቱ የአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ በሣጥን ተደረደሩ፤ የሕፃናቱ ሣጥን ነጭ ነበር። ስማቸው ስላልታወቀ በቁጥር ተመዘገቡ። ከዚያም በየሲሲሊ መካነ መቃብር ተበተኑ። ጥቅምት 11 ቀን አግሪጄንቶ በምትባል ከተማ መንግሥት የኀዘን ሥነ ሥርዓት አደረገ፤ ነገር ግን በቦታው ሬሳ አልነበረም። የተረፉት ወጣቶችም ላምፔዱዛ እንዳሉ ቀሩ። ቀባሪም ሬሳም የሌለበት ቀብር ማለት ይህ ነው።

እናቶች ግን ቁጥር አልወለዱም። በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ክሪስቲና ካታኔኦ የሚባሉ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስም የመፈለጉን ሥራ ጀመሩ። ዘመድ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ ጥርሱን፣ ጠባሳውን፣ በኪሱ የተገኘውን ነገር ያነጻጽራሉ፤ ደምም ይመረመራል። በዚህ ዓይነት ለአንዳንዶቹ ስማቸው ተመለሰላቸው። የጣሊያን ምክር ቤትም በ2016 ሕግ አውጥቶ ኦክቶበር 3 በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን ወሰነ።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ወደ ራሳችን ደጃፍ ተመልሻለሁ።

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን ለአንዷ እናት መርዶ የመጣው በስልክ ነው። ልጃቸው ሊቢያ ደርሶ ባሕር ላይ እንደ ቀረ አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ተናገረ። ጎረቤት ድንኳኑን ሊያወጣ ሲመጣ ግምጃ ቤቱ አልተከፈተም። ደንባችን «የዕድሩ ዕቃና ገንዘብ ቀብር ሲኖር ይሰጣል» ይላልና። በዚያ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ሬሳ በሌለበት ምን ቀብር አለ? ነገ ሁሉም ልጄ ሞተ እያለ ቢመጣስ?» ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ። እኔ ነኝ።

ለቅሶ ደራሹ በአጥር ሥር ዝናብ እየመታው ዋለ። እኚያ እናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወርኃዊ መዋጯቸውን አንድ ቀን አላሳለፉም። ከዚያም ወዲህ አላቋረጡም። ለኔም ቢሆን ሰላምታ አልነፈጉኝም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። አንድ አናጢ፣ ስማቸውን ለማያውቃቸው፣ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች ልብሱን ሲያወልቅ፣ እኔ ስማቸውን ለማውቃቸው፣ በመዝገባችን ላይ ላሉት ጎረቤቴ ድንኳን ነፈግሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ሬሳ ባይገኝም መርዶ ከተረዳ ድንኳኑ፣ ወንበሩና የማብሰያው ዕቃ በዕለቱ ይውጣ፤ ጥሩምባውም ይነፋ።

ሁለተኛ፣ ሦስት አባሎች ተመርጠው አብሮ የተጓዘውን ሰው ቃል ወይም ሌላ ማስረጃ አጣርተው ሲያረጋግጡ ገንዘቡ ሳይጎድል ይከፈል።

ሦስተኛ፣ ይህ ውሳኔ ወደ ኋላ ተመልሶ ለእኚህ እናት ይሥራ።

«ተሳስተን ልጁ በሕይወት ቢመጣስ?» የሚል አይጠፋም። እግዚአብሔር ያድርገው! ያን ቀን ድንኳኑን ለደስታ እንተክላለን፤ ገንዘቡንም ቤተሰቡ ቀስ እያለ ይመልሳል። ከስንት ስሕተት ይህኛው ይሻላል።

ደንብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያለ ደንብ ዕድር አይቆምም። ነገር ግን ደንቡን ያወጣነው አባቶቻችን ሬሳ ከቤት በሚወጣበት ዘመን ላይ ሆነው ባቆዩን ልማድ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በረሃና ባሕር ላይ ይቀራሉ። ሞቱ መልኩን ከለወጠ ደንቡም መለወጥ አለበት።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። እናቴ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እናንተም ድምፅ ስትሰጡ ያንን የአጥር ሥር ዝናብ አስቡት።

እግዚአብሔር በየባሕሩና በየበረሃው የቀሩትን ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።