የኦሜፕራዞል ልባስ፤ የመድኃኒት አቀማመምና የፈጠራ መብት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የጨጓራ አሲድን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው ሞለኪዩሉ ነው። ሞለኪዩሉን የፈጠሩት ኬሚስቶች ይመሰገናሉ፤ በሕሙማን ላይ የመረመሩት ሐኪሞች ይጠቀሳሉ፤ ሞለኪዩሉን በደኅና ወደ አንጀት ያደረሰው ቀማሚ ግን ስሙ እንኳ አይነሣም። ይህ የፋርማሲ ሙያ የቆየ ዕጣ ነው። በኦሜፕራዞል ጉዳይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታየ። በዓለም እጅግ ከተሸጡት መድኃኒቶች አንዱ የነበረው ኦሜፕራዞል በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው በሞለኪዩሉ ምክንያት ሳይሆን፣ በዓይን ለይቶ ለማየት በሚያዳግት አንድ ስስ ልባስ ምክንያት ነበር።

አሲድን ለመቆጣጠር የተደረገው ጥረት አሮጌ ነው። በሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በማግኒዥየምና በአሉሚኒየም ውሕዶች የፈሰሰውን አሲድ ማርከስ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። አሲዱን ከምንጩ በሚገባ መቀነስ የተቻለው ግን ሰር ጄምስ ብላክና ባልደረቦቹ የደረሱበት ሲሜቲዲን በ1976 በብሪታንያ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው (ሌላ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኦሜፕራዞል ከዚያም አልፎ ሄደ። በስዊድን አገር በሞልንዳል ከተማ፣ የአስትራ ኩባንያ ቅርንጫፍ በነበረው በሄስሌ በ1979 የተዘጋጀው ይህ ሞለኪዩል፣ በጨጓራ ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ አሲድ የሚያመነጨውን የመጨረሻ መሣሪያ፣ ማለትም የፕሮቶን ፓምፑን ራሱን ይዘጋል። በስዊድን በ1988፣ በአሜሪካ በ1989 ለሕሙማን ቀረበ። በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጠበት ሎሴክ የሚለው ስም በ1990 ወደ ፕሪሎሴክ የተለወጠው፣ በሐኪም ማዘዣ ላይ ላሲክስ ከተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ነገር በየትም አገር አንድ መሆኑን ፋርማሲስት ሁሉ ያውቀዋል።

የቀማሚው ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ኦሜፕራዞል ሥራውን የሚሠራው ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ፣ በደም ተጉዞ ወደ ጨጓራ ሕዋሳት ከደረሰ በኋላ፣ በዚያ በሚያገኘው አሲድ ተለውጦ ነው። ያው አሲድ አስቀድሞ በጨጓራው ከረጢት ውስጥ ካገኘው ግን ያለ ጥቅም ያፈርሰዋል። ፒ ኤች ከ4 በታች በሆነ ፈሳሽ ውስጥ የመድኃኒቱ ግማሽ ለመፍረስ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ፒ ኤች 7 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ግን 14 ሰዓት ያህል ይወስዳል። እርጥበትና ሙቀትም ያበላሹታል፤ ሲበላሽም ቀለሙ ይለወጣል።

እንዲህ ላለ መድኃኒት የተለመደው መፍትሔ በጨጓራ የማይሟሟ፣ በአንጀት ግን የሚሟሟ ልባስ ማልበስ ነው። ነገር ግን ይህን ልባስ ለመሥራት የሚያገለግሉት ፖሊመሮች ራሳቸው አሲዳማ ናቸው። ስለሆነም መድኃኒቱን ከጨጓራ አሲድ እንዲጠብቅ የተሾመው ዘበኛ፣ ገና ካፕሱሉ በመጋዘን ሳለ መድኃኒቱን ይጎዳዋል። ይህን ለመከላከል ሲባል መድኃኒቱ ያለበትን እምብርት አልካላይ ባሕርይ ካለው ንጥረ ነገር ጋር ቢቀላቅሉት ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ቅንጣቱ በጨጓራ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ጥቂት ውሃ በልባሱ ሰርጎ መግባቱ አይቀርም፤ ውሃው እምብርቱን ሲነካ አልካላይ ይሆንና ልባሱን ከውስጥ በኩል ያሟሟዋል። መድኃኒቱን ለማዳን የተጨመረው ነገር ልባሱን ያፈርሳል፤ ልባሱ ከፈረሰም መድኃኒቱ ይጠፋል።

የሄስሌ ቀማሚዎች ለዚህ እንቆቅልሽ ያገኙት መልስ በእምብርቱና በውጭው ልባስ መካከል አንድ ሌላ ልባስ ማስገባት ነበር። እምብርቱ ኦሜፕራዞልንና አልካላዩን ይይዛል፤ በላዩ ላይ በውሃ የሚሟሟ፣ አሲድም አልካላይም ያልሆነ ስስ ልባስ ይደረብበታል፤ የመጨረሻው አሲድ የሚቋቋመው ልባስ ከዚያ በላይ ይመጣል። መካከለኛው ሁለቱን ባላንጣዎች ያለያያል። ዛሬ ሲሰማ ማንም ሊያስበው የሚችል ይመስላል። ይሁን እንጂ አልካላዩ የውጭውን ልባስ እንደሚያፈርስ ያልተረዳ ሰው መካከለኛውን ልባስ የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም፤ የፈጠራው ሥራ የተሠራው ችግሩን በማወቁ ላይ ነው።

በዚህ አቀማመም ላይ የመጀመሪያው ማመልከቻ በብሪታንያ የቀረበው በሚያዝያ ወር 1986 ነው። በአሜሪካ ቁጥራቸው 4,786,505 እና 4,853,230 የሆኑ ሁለት ፓተንቶች ተሰጡበት፤ ዘመናቸው የሚያበቃውም በሚያዝያ 2007 ነበር። የሞለኪዩሉ ፓተንት ግን በሕፃናት ላይ ለተደረገው ጥናት የተሰጠው የስድስት ወር ጭማሪ ታክሎበት በጥቅምት 2001 አበቃ። በመካከሉ ከአምስት ዓመት ተኩል የማያንስ ጊዜ አለ። በ2000 ብቻ የመድኃኒቱ ዓለም አቀፍ ሽያጭ ከስድስት ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ያ ልባስ ምን ያህል ውድ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ጀነሪክ አምራቾች ዝም ብለው አልጠበቁም። በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ሙግት በአራት ኩባንያዎች ላይ ተሰምቶ፣ ዳኛ ባርባራ ጆንስ በጥቅምት 2002 ፍርድ ሰጡ። ፓተንቶቹ የጸኑ ናቸው ተባለ፤ አንደርክስ፣ ጄንፋርምና ኬሚኖር መብቱን ተጋፍተዋል ተባለ፤ የክሬመርስ አርባን ቀመር ግን ከመብቱ ወሰን ውጭ ሆኖ ስለተገኘ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገበያ ገባ። በኋላ በታየው በሁለተኛው ሙግትም በ2007 አፖቴክስና ኢምፓክስ ሲረቱ፣ ማይላንና ሌክ ነጻ ወጡ።

የአንደርክስ ጉዳይ ለቀማሚ የተለየ ትምህርት አለው። ኩባንያው በእምብርቱና በውጭው ልባስ መካከል የደረበው ሌላ ልባስ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን በሥራው ሂደት አልካላዩ እምብርትና አሲዳማው ልባስ በተገናኙበት ሥፍራ ተዋሕደው መካከለኛ ሽፋን በራሱ እንደተፈጠረ አመነ፤ ቀማሚው እጁን ያላስገባበት ልባስ ተጠያቂ አደረገው። በአንጻሩ ባለመብቱም በዚሁ ስለት ተቆረጠ። እንዲህ በራሱ የሚፈጠረውን ሽፋን የሚመለከት ሌላ ፓተንት ነበረው፤ ነገር ግን አንድ የኮሪያ ኩባንያ ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው ዘዴ ሳይታወቅ ያንኑ ሽፋን ያስገኝ ስለነበር አዲስነት የለውም ተብሎ ተሻረ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2007 ሽረቱን አጸናው።

የአቀማመም ፓተንትን ሁሉ በአንድነት የሞለኪዩሉን ዘመን ማራዘሚያ ዘዴ አድርገው የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። ነቀፋው መሠረት የለውም አይባልም፤ በእነዚያ ዓመታት ዋጋውን የከፈለው ሕመምተኛው ነውና። ነገር ግን አንድ ልዩነት መታየት አለበት። የሞለኪዩል ፓተንት መድረሻውን ይዘጋል፤ ማንም በምንም መንገድ ሊደርስበት አይችልም። የአቀማመም ፓተንት የሚዘጋው አንዱን መንገድ ብቻ ነው። ከ2001 በኋላ ኦሜፕራዞል ራሱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ሌላ መንገድ ያገኘ ቀማሚም የ2007ን ቀን ሳይጠብቅ ገብቷል። ስለዚህ የ1986ቱ ፓተንት በእውነተኛ ሙያ የተገኘ መብት ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ያስገኘው ፈጠራ ነው። እዚያ የተደረሰበት ቀመር ልባሱን ከነጭራሹ ትቶ፣ መድኃኒቱን ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር አቀላቅሎ በመስጠት የጨጓራው አሲድ ለጥቂት ጊዜ እንዲረክስና ኦሜፕራዞሉ በደኅና እንዲያልፍ ያደርጋል። ጥንታዊው የቃር መድኃኒት ለአዲሱ መንገድ ጠራጊ ሆነ። ዜገሪድ በሚል ስም በዱቄት መልክ በ2004 ተፈቀደ። በፓተንቶቹም ላይ ሙግት ተነሥቶ በ2010 የዴላዌር ፍርድ ቤት ዋጋ የላቸውም ሲል፣ ይግባኝ ሰሚው በ2012 ከፊሉን መልሶ አጽንቷቸዋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ፋርማሲስት ግን አንድ ነገር አይዘነጋም፤ በእያንዳንዱ ካፕሱል ያለው 1,100 ሚሊግራም ባይካርቦኔት 304 ሚሊግራም ሶዲየም ስለሚይዝ፣ ጨው ለተከለከለ ሕመምተኛ ቀላል ነገር አይደለም።

በሙያ ሳይሆን በወረቀት መንገድ የመዝጋት ምሳሌ የታየው በአውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በሰኔ 2005፣ በ1999 ከተደረገው ውሕደት ወዲህ አስትራዜኔካ የተባለውን ኩባንያ 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ጥፋቶቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ለሞለኪዩሉ ተጨማሪ የጥበቃ ዘመን ለማግኘት ለፓተንት ጽሕፈት ቤቶች መድኃኒቱ መጀመሪያ ስለተፈቀደበት ቀን አሳሳች መግለጫ መስጠቱ ነው። ሁለተኛው፣ ካፕሱሉን በክኒን ተክቶ፣ በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን የካፕሱሉ የገበያ ፈቃድ እንዲሰረዝ መጠየቁ ነው፤ ጀነሪክ አምራቾች ማመልከቻቸውን የሚያስደግፉበት ፈቃድ እንዲያጡ ለማድረግ ማለት ነው። ቅጣቱ በ2010 ወደ 52.5 ሚሊዮን ዩሮ ዝቅ ቢልም ፍርዱ በ2012 በአውሮፓ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጸና። አዲሱ ክኒን መልካም ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የተወገዘው ግን የአሮጌውን ካፕሱል መዝገብ መፋቁ ነው።

ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ክልል ብቻ በመሆኑ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሚዛን ይይዛል። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 መጀመሪያ 15 ዓመት ሰጥቶ፣ ተጨማሪውን አምስት ዓመት የፈቀደው ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ነው። በዚህ ሚዛን የጥበቃው ዘመን የሚረዝመው በአገር ውስጥ ለሠራ ነው።

ዛሬ የ1986ቱ ፓተንት ዘመኑ አልፏል፤ በውስጡ የተጻፉት የቀመር ምሳሌዎችም ለማንም አምራች ክፍት ናቸው። ሆኖም ልባሱ ጥቂት ቢሳሳ ወይም በአንድ ወገን ቢሰነጠቅ፣ ካፕሱሉ በመጠንም በመለያም ትክክል ሆኖ ሳለ ሕመምተኛው የሚያገኘው የፈረሰ መድኃኒት ይሆናል። ለዚህም ነው የጥራት መርማሪው ቅንጣቶቹን አስቀድሞ ለሁለት ሰዓት በአሲድ ውስጥ፣ ከዚያም ፒ ኤች 6.8 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ የሚፈትናቸው። ካፕሱሉን መዋጥ የሚያቅተው ሕመምተኛ ሲመጣም፣ በመስኮቱ ላይ ያለው ፋርማሲስት ከፍቶ ቅንጣቶቹን በጥቂት የተፈጨ ፖም ላይ በትኖ ሳያላምጥ ወዲያው እንዲውጣቸው ይነግረዋል፤ በሙቀጫ እንዲወቅጣቸው ግን አይፈቅድለትም።