በወፎች ስም ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ለመንግሥት ሥራ የተጓዘ ሰው ሁሉ ወረታን ያውቃታል። የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ከዋናው የጎንደር መንገድ የሚገነጠለው በእርሷ በኩል ስለሆነ፣ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ አይጠፋባትም። እኔም ከዚያው መገንጠያ ቆሜ ሳለሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ጥንብ አንሳዎች በሰማይ ሲዞሩ እመለከት ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ትክ ብለው አዩኝና «ምን ያስደንቅሃል ልጄ? ጥንብ አንሳ አታውቅም?» አሉኝ።

አውቃለሁ። ነገር ግን በአገራችን ሰማይ ከሚያንዣብቡት ጥንብ አንሳዎች አንደኛው ዓይነት በዓለም የሳይንስ መዝገብ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ እርሱም የሰው ስም ነው። ሰውየውም ከወረታ ብዙ ሳይርቅ፣ ከጎንደር ከተማ ተቀምጦ የነበረ ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ሰውና ስለ መሰሎቹ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስም አወጣጡ ጥቂት ልናገር። በመዝገብ ቤት ለሠራ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። እያንዳንዱ ወፍ ሁለት የላቲን ስም ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው የወገኑ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ ነው። የእንስሳት ስም መዝገብ መነሻ ሆኖ የተቆጠረው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ለአንድ ወፍ ሁለት ስም ወጥቶለት ቢገኝ በሕትመት የቀደመው ይጸናል። ስሙ ከሕዝብ ቋንቋ፣ ከአገር፣ ከመልኩ ወይም ከሰው ሊወሰድ ይችላል። ሰው ለራሱ መታሰቢያ ወፍ ቢሰይም ግን እንደ ነውር ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ የሰው ስም የያዘ ወፍ ስታገኙ፣ ሌላ ሰው ያወጣለት ነው ብላችሁ ፍረዱ።

ወደ ጥንብ አንሳው ልመለስ። በላቲን ጂፕስ ሩፔሊ ይባላል። ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት የተወለደ፣ የባለ ባንክ ልጅ ነበር። በ1831 ምጽዋ ደርሶ፣ በሰሜን ተራሮች በኩል አድርጎ በ1832 ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና መንገዱ የሚያስተማምን አልነበረም። እርሱ ግን አውሬውንም፣ ወፉንም፣ የብራናውንም መጽሐፍ እየሰበሰበ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 በሳይንስ መዝገብ ያስገባ እርሱ ነው። ወፉ ግን ስሙን ያገኘው ሰውየው ከአገራችን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ብሬም የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በ1852 በሩፔል ስም ሰየመው። በነገራችን ላይ ይህ ጥንብ አንሳ ከፍ ብሎ በመብረር ተወዳዳሪ የለውም፤ በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ፣ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ይበር ከነበረ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል።

ሩፔል ከእርሱ ጋር የመጣ ቴዎዶር ኤርክል የሚባል ረዳት ነበረው። የወፍ ቆዳ እየገፈፈ የሚያደርቅ፣ እንዳይበላሽ የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ ሥራው የሎሌ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩፔል ግን በ1835 በሰሜን አገራችን ደጋ ለሚገኝ አንድ የቆቅ ዓይነት በዚህ ረዳቱ ስም ስም አወጣለት፤ ዛሬም ፕተርኒስቲስ ኤርኬሊ ይባላል። እኔ በበኩሌ ሩፔልን ስለ ሌላው ሥራው ከማመሰግነው ይልቅ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ከሩፔል 60 ዓመት ያህል ቀድሞ ደግሞ የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ መጥቶ ነበር። በ1770 በዳግማዊ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎንደር ገባ። እንፍራዝ ተቀመጠ፤ ርብንና ጉማራን ተሻገረ፤ ዛሬ ወረታ ያለችበትን የጣናን ምሥራቃዊ ዳር በሚገባ አውቆታል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዳንድ ወፎች ሲጽፍ አገሩ የሚጠራቸውን ስም አልተወም፤ እርኩምን እርኩም፣ ንስር ወርቅን ንስር ወርቅ ብሎ በራሱ ፊደል ጻፈ። ከእነዚህም መካከል ሆዱ ቢጫ፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነች፣ የሾላ ፍሬ የምትወድ እርግብ አለች። ብሩስ «ዋልያ» ትባላለች ብሎ ጽፏል። በ1793 ማየር የተባለ ጀርመናዊ የብሩስን መጽሐፍ መሠረት አድርጎ የላቲን ስም ሲያወጣላት ቃሉን ሳይለውጥ ወሰደው፤ እስከ ዛሬ ትሬሮን ዋልያ ናት። እንግዲህ ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «ዋልያ» እያለ የሚጮኸው ሕዝብ፣ ይህን ስም ከተራራው ፍየል ጋር አንዲት እርግብ እንደምትጋራው አያውቅም። በሳይንስ መዝገብም ብትመለከቱ እርግቢቱ ፍየሉን በ42 ዓመት ትቀድመዋለች።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ልግባ። ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል፣ የቦሎኛ ተወላጅ የሆነ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። የዕፅዋቱንና የወፎቹን ሥዕል የሚሠራ፣ የየዕለቱን አየርና መንገድ የሚመዘግብ እርሱ ነው። በኅዳር 1770 ከብሩስ ጋር ግሽ ዓባይ ድረስ ሄደ። ከዚያም ሲመለሱ በ1771 በጎንደር ታሞ ሞተ፤ ዕድሜው ከ33 ወይም ከ34 ዓመት አይበልጥም ነበር። ብሩስ መጽሐፉን ሲጽፍ ግን ባሉጋኒ ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈው፤ ወደ ምንጩ የደረሰ እርሱ ብቻ እንዲመስል፣ ሥዕሎቹም የእርሱ እንዲባሉ ነው። ነገሩን የገለጡት የባሉጋኒ የራሱ የእጅ ጽሑፎች ናቸው። እንግሊዞች ያችን እርግብ «የብሩስ አረንጓዴ እርግብ» ይሏታል፤ ባሉጋኒ የሚባል ወፍ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ሌላ ሟች ደግሞ ባጭሩ ልናገር። ጢስ ዓባይን ለማየት የሄደ ሰው በገደሉ አካባቢ መንቆረ ትልቅና ቀይ፣ ላባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ወፍ ያይ ይሆናል። ይህ ወፍ የሄምፕሪክን ስም ይዟል። ሄምፕሪክ ከወዳጁ ከኤረንበርግ ጋር ከግብጽ ጀምሮ ሲጓዝ ኖሮ፣ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ፤ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ኤረንበርግም በ1833 ወፉን በወዳጁ ስም ሰየመው።

እስከዚህ ድረስ የቈጠርኋቸው ሁሉ ፈረንጆች ናቸው። አፍሪካዊ የለበትም ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አለ። በአገራችንም የሚገኝ፣ በሌሎች ወፎች ጎጆ እንቁላሉን የሚጥል፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ትንሽ ወፍ አለ፤ ስሙ ክላስ ነው። ክላስ በደቡብ አፍሪካ የኮይኮይ ሰው ሲሆን፣ በ1780ዎቹ በዚያ አገር የተጓዘውን ፈረንሳዊውን ለቫያንን ያገለግል ነበር። ለቫያን ወፉን ያገኘው ክላስ መሆኑን አልደበቀም፤ በስሙ ጠራው። በ1815 እስጢፋንስ የሚባል እንግሊዛዊ ይህንኑ ስም በላቲን አጸናው። ናሪና የምትባል የዚያው ሕዝብ ሴት ስምም እንዲሁ በአንድ የደን ወፍ ተጠብቆ ይኖራል፤ እርሱም በኢትዮጵያ ደኖች ይገኛል። ከእኛ ወገን ደግሞ የምኒልክ ስም አለ፤ ጉንጩ ነጭ፣ ክንፉ ሲዘረጋ እሳት የሚመስለው የጫካ ወፍ ዛሬ የሚመደብበት ወገን ምኒልኮርኒስ ይባላል።

ንጉሠ ነገሥቱ ስማቸው በብዙ ነገር ስለሚታወስ ወፉ ባይኖርም አይጎዱም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ለብሩስ «ይህች ወፍ ዋልያ ትባላለች» ያለው ማን ነበር? ለሩፔል ጉሬዛውን ያመለከተው፣ ስሙንም ነግሮት ኮሎቡስ ጉሬዛ አስብሎ ያስቀረው ማን ነበር? አዳኝ ይሁን፣ እረኛ ይሁን፣ በቅሎ ነጂ ይሁን፣ ቃሉ ሲተርፍ ተናጋሪው አልተረፈም።

ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ሩዝ ሲያፈራ ወፉ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ወፉን ለይቶ ያውቃል። አድማጮቼ አብዛኞቻችሁ ለግብርናም ሆነ ለትምህርት፣ ለጤናም ሆነ ለፍርድ ሥራ ወደ ወረዳ የምትወጡ ሰዎች ናችሁ። ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ አገሬው ለወፉ ያወጣውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን፣ የነገራችሁንም ሰው ስም ከነአባቱ ጻፉ።

እኔም በዚያ ቀን መኪናው ሲዘገይ ከወረታ ወጣ ብዬ ከአንድ የሩዝ ማሳ ዳር ደረስሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ማማ ላይ ነበር። «ያ ማን ይባላል? ያኛውስ?» እያልሁ ስጠይቀው፣ ከማማው ሳይወርድ የአምስት ወፎች ስም ነገረኝ። የትኛው ሩዙ ገና ወተት ሳለ እንደሚመጣ፣ የትኛው ከደረሰ በኋላ እንደሚመጣም አከለልኝ። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ አምስቱንም ስሞች በውሎ አበል መጠየቂያዬ ጀርባ ላይ በጥንቃቄ ጻፍሁ። ወዲያው መኪናው ጡሩንባውን ነፋ፤ ልጁም «ጋሼ፣ ያመልጥዎታል!» ብሎ ጮኸልኝ፤ እየሮጥሁ ሄጄ ተሳፈርሁ። አዲስ ዘመንን አልፈን ወረቀቱን አውጥቼ ሳነብ የልጁን ስም አለመጠየቄ ትዝ አለኝ።