ከጉዛራ እስከ ጋፋት፦ የእሳት ሒሳብ



በጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ውስጥ የባሕር ዛፍ ማገዶ ሲነድ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ተማሪ ሳያመነታ የሚሰጠው መልስ አለ፦ በእንጨቱ አተሞች ትስስር ውስጥ የታመቀ ጉልበት ትስስሩ ሲበጠስ ይወጣል። መልሱ ስሕተት ነው። ትስስር መበጠስ ምንጊዜም ጉልበት ይበላል፤ ጉልበት የሚገኘው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው። የእንጨቱ ካርቦንና ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሲሆኑ ገቢው ከወጪው ይበልጣል፤ ትርፉ ሙቀትና ብርሃን ሆኖ ይታያል። ክብሪት የሚጫረው የመጀመሪያዋን ወጪ ለመሸፈን ብቻ ነው።

ሒሳቡ ሳይዛነፍ የሚታይበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራንዝ አጠገብ፣ በትውፊት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ የሚባለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው። 100 ግራም የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል 178 ኪሎ ጁል ሙቀት ይስባል፤ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና 56 ግራም ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውሃ ሲፈስበት እየተንተከተከ 65 ኪሎ ጁል ይመልሳል፤ ግንበኞች ከዚያ የሚርቁት በከንቱ አይደለም። በመጨረሻም ግንቡ ውስጥ ሆኖ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ዳግመኛ ድንጋይ ሲሆን 113 ኪሎ ጁል ይለቃል።

65 እና 113 ሲደመሩ 178 ናቸው።

ጄኔቫ ተወልዶ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ያስተማረው ኬሚስት ሄስ ይህን በ1840 እ.ኤ.አ. ሕግ አድርጎ ደንግጎታል፦ መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ መነሻና መድረሻው አንድ እስከሆነ ድረስ የሙቀቱ ድምር አይለወጥም። ሕጉ የማይናገረው ፍጥነትን ነው። የጉዛራ ግንብ 113ቱን የከፈለው ዓመታት ወስዶ ነውና፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሙቀቱ የተሰማው ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የፍጥነት ትምህርት የሚገኘው ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚህች መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ስዊዛዊው ቴዎፊል ዋልድማየርና የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሆል ከነሱ መካከል ነበሩ። ትልቁ ሥራቸው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ነሐስ መቅለጡ ኬሚካዊ ለውጥ አይደለም፤ ቀልጦም ነሐስ ነው። ኬሚስትሪው ያለው ከሰሉ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ነሐስ አግሎ ለማቅለጥ ወደ 600 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ለ7 ቶን 4.2 ሚሊዮን ኪሎ ጁል መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል 29 ሺህ ኪሎ ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ በወረቀት ላይ 145 ኪሎ ከሰል ይበቃል፤ የሦስት አህያ ጭነት ግድም! ምድጃ ግን ወረቀት አያነብም። አብዛኛው ሙቀት በጭሱና በምድጃው ግድግዳ ያመልጣል፤ ስለዚህ እሳቱ ከሚያመልጠው ፈጥኖ መተካት አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። የደጋው ቀጥቃጭ ያለ ወናፍ ብረት የማያግለው ለዚህም ጭምር ነው።

አስገራሚው ባሩድ ነው። የተለመደው ቅይጥ 75 በመቶ ፖታስየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። አንድ ኪሎው የሚሰጠው ሙቀት 3 ሺህ ኪሎ ጁል አካባቢ ብቻ ነው፤ ከሰል በዐሥር እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ነገር ግን ከሰል አየር እስኪደርሰው ይጠብቃል፣ ባሩድ ኦክስጅኑን በናይትሬቱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሙቀቱን በቅጽበት ይለቅቃል፤ ከጠጣሩም ከፊሉ ወዲያው ትኩስ ጋዝ ሆኖ ጥይቱን ይገፋል። ሰው የሚፈራው የሙቀቱን ብዛት ይመስለዋል፤ የሚያስፈራው ግን ጥድፊያው ነው።

ያን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሰው ባሩድም ከሰልም አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሞቱ። የጎታቾቹ ጡንቻ የሠራው ከእህል በተገኘ ግሉኮስ ነው። 180 ግራም ግሉኮስ በሰውነት ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 2,800 ኪሎ ጁል ይሰጣል፤ በምድጃ ቢነድም ያንኑ ይሰጣል። የሄስ ሕግ ለሰውም ለማገዶም አንድ ነው።

እንግዲህ የደብረ ታቦርና የአዲስ ዘመን የኬሚስትሪ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ጋፋትና ጉዛራ ይውሰዱ፤ የመልመጃውንም ቁጥር ከዚያ ያውጡ። ሙቀት ሳቢ ለውጥን ለማሳየት ደግሞ ገበሬው ቤት ያለው ዩሪያ ይበቃል፦ 60 ግራሙ በሩብ ሊትር ውሃ ሲሟሟ ሙቀቱን ከውሃው ስለሚወስድ፣ ቴርሞሜትሩ ዐሥር ዲግሪ ገደማ ይወርዳል።