በሌሊት ወደ መብራት ስለሚመጡ የእሳት ራቶች
በዓለም ገና ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር ለብዙ ሰው ከንቱ ይመስል ይሆናል። ይኸውም ማታ ፋኖስ ስናበራ እየተሽከረከረ መጥቶ መስተዋቱን የሚመታው፣ እኛም በእጃችን ገፍተን የምንጥለው የእሳት ራት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡለት እሳት ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል አይተው ነው፤ ወደ ገዛ ጥፋቱ የሚሮጠውንም ሰው በእርሱ ይመስሉታል። ነገር ግን የእሳት ራት እሳቱን ወድዶ አይመጣም። በ2016 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ምርምር እንዳስረዳው፣ በሌሊት የሚበርሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ይበርራሉ። በሌሊት ከምድር ይልቅ የሚበራው ሰማይ ነውና፣ ላዩንና ታቹን የሚለዩት በዚህ ነው። መብራት ከጎናቸው በገጠማቸው ጊዜ ግን ጀርባቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ፤ መንገዳቸውም ይጣመምና በመብራቱ ዙሪያ ሲዞሩ ያድራሉ። እንግዲህ የእሳት ራት መንገድ የሳተ እንጂ ሞቱን የሚሻ አይደለም።

ይህ ፍጥረት ለገበሬ ምኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ በእርሻችን ላይ የምናየው ትል አብዛኛው የእርሱ ልጅ ነው። የሽምብራውን ፍሬ የሚበሳው ጓይ ትል፣ በቆሎውን ከውስጥ የሚበላው የአገዳ ቆርቁር፣ ቡቃያውን ከሥሩ የሚቆርጠው ቆራጭ ትል፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ተምች፣ ሁሉም ካደጉ በኋላ ክንፍ አውጥተው በሌሊት ይበርራሉ።

ስለ ተምች ሽማግሎች «ከዝናብ ጋር ከሰማይ ወረደ» ሲሉ ሰምተናል። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። ትሉ ከሰማይ አይወርድም፤ እናቱ ግን ከሰማይ ትወርዳለች። የተምች የእሳት ራት በነፋስ ላይ ሆኖ እጅግ ሩቅ አገር ያቋርጣል፤ ከታንዛኒያና ከኬንያ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚደርስበት ዓመት አለ። የዝናብ ነፋሶች በሚገናኙበት ስፍራ ብዙው በአንድነት ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ሴቲቱም በሣርና በእህል ቅጠል ላይ በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ በመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ዐይን አይጥልበትም፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን ጠቁሮና በዝቶ እርሻውን ያራቁታል። ስለዚህ የእሳት ራቱ በመብራት ከታየበት ሌሊት እስከ ጥፋቱ ቀን ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ የገበሬው ሀብት ነው፤ የሚያተርፈው ግን አስቀድሞ ያወቀ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር የራሴን ጥፋት ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ ቆላ አገር ሳስተምር፣ በግንቦት ወር አንድ ማታ ተማሪዎቼ እየሮጡ መጥተው «የኔታ፣ መብራቱን ግራጫ የእሳት ራት ሸፈነው» አሉኝ። እኔም «መብራቱን አጥፉና ተኙ» ብዬ መለስኋቸው። ቀኑን አልጻፍሁም፤ ለማንም አልተናገርሁም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የበቆሎው ቡቃያ አገዳው ብቻ ቀረ። ልጆቹ አይተው ነበር፤ ያላየሁ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። ከዓለም ገና ከተማ የመንገድና የፋብሪካ መብራት ራቅ ብላችሁ፣ ወደ ፉሪ ወይም ወደ ወጨጫ ግርጌ ባለ ጨለማ ስፍራ፣ ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት መካከል ወጥሩ፤ በፊቱም ፋኖስ፣ ማሾ ወይም በፀሐይ ኀይል የሚሠራ መብራት ስቀሉ። ነጭ ብርሃን ከቢጫና ከቀይ ይልቅ ይስባቸዋል። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ጨለማ፣ ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ይሻላል። ዘወትር በአንድ ስፍራ፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሁን፤ አለዚያ የዛሬውን ከትናንቱ ማስተያየት አይቻልም።

በደብተሩም ቀኑን፣ የጨረቃዋን ሁኔታ፣ ዝናቡንና ነፋሱን፣ ከዚያም የመጡትን ቍጥር ጻፉ። ስሙን የማታውቁትን መጠኑን፣ የክንፉን መልክ፣ ሲያርፍ ክንፉን እንዴት እንደሚያጥፍ ጻፉለት፤ ሥዕል የሚችል ልጅ ይሣለው። የተምች የእሳት ራት የፊት ክንፉ ግራጫና ቡናማ ነው፤ የኋላ ክንፉ ነጣ ያለ ሆኖ ጅማቱ ጠቆር ይላል። አንድም ባልመጣበት ሌሊት «አልመጣም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶው ሌሊት ካልተጻፈ የበዛው ሌሊት አይታወቅም። ቍጥሩ በድንገት ከጥቂት ወደ ብዙ የዘለለ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ንገሩ፤ ገበሬውም በየቀኑ የቅጠሉን ሥር እየገለጠ ይይ። የግብርና ባለሙያዎችም ወንዱን በሴቲቱ ሽታ የሚስብ ወጥመድ አላቸውና፣ የእናንተ ደብተር የእነርሱን ሥራ ያግዛል።

ጠላታችንም ጨምሯል። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በበቆሎ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ትሉን በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ የላቲን «Y» በሚመስል መስመርና በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን በቆሙ አራት ነጠብጣቦች ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ልጆች የእሳት ራት ሁሉ ጠላት እንዳይመስላቸው አስተምሯቸው። በሌሊት አበባ እየጎበኘ ዘር የሚያጋባ አለ፤ ጉሎ በልቶ ሐር የሚፈትልም አለ። በጀርባው የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለው ትልቁም፣ ማር ሊሰርቅ ወደ ቀፎ ይገባል እንጂ ሰውን አይነካም፤ ሲይዙት ቢጮህም ልጆች አይደንግጡ። ስለዚህ ቈጥራችሁ ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉ፤ ሳይነጋም አቡጀዲውን በዝግታ አራግፉ፤ አለዚያ ወፍ ይለቅማቸዋል።

ሽማግሎች ሆይ፤ ልጆች በጨለማ ብቻቸውን አይውጡ፤ ጋቢያችሁን ደርባችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ። እናንተ የድሮውን የተምች ዘመን ትነግሯቸዋላችሁ፤ እነርሱም የዛሬውን ሌሊት ይጽፉላችኋል። መምህራን ሆይ፤ ልጅ በማታ መጥቶ «አየሁ» ቢላችሁ፣ እኔ እንዳደረግሁት ተኛ አትበሉት፤ ደብተሩን አምጣ በሉት።